ባዮስ የሚያየው ዲስክ መጫኛው ላይ ሲጠፋ

ጥያቄ፦ ራሴ በገጣጠምኩት ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 11 ልጭን ስል፣ ዲስክ የሚመረጥበት ገጽ ባዶ ሆነብኝ። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ግን ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲው (ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ፈጣን ዲስክ) ይታያል። ፕሮሰሰሩ 12ኛ ትውልድ ኢንቴል ነው። ከድሮ ኮምፒውተሬ ያወጣሁት ሌላ ዲስክም አብሮ ለመሰካት አስቤያለሁ። ኤስኤስዲው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ባዮስ ካየው አልተበላሸም ብለው ይነሱ፤ ለሻጩ ለመመለስ አይቸኩሉ። ችግሩ ድራይቨር (ዊንዶውስ ከአንድ ዕቃ ጋር እንዲግባባ የሚያደርገው ፕሮግራም) ሳይሆን አይቀርም። ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ በመጡ ብዙ የኢንቴል ማዘርቦርዶች ላይ ቪኤምዲ የሚባል ነገር አለ። ይህ ከበራ ዲስኩ ለዊንዶውስ በቀጥታ አይታይም፤ በኢንቴል ተቆጣጣሪ በኩል ነው የሚቀርበው። መጫኛው የዚያ ተቆጣጣሪ ድራይቨር ከሌለው ገጹ ባዶ ይሆናል።

ዲስኮችን በሬይድ ለማጣመር ካላሰቡ ቪኤምዲን ማጥፋት ይሻላል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲሊት ወይም ኤፍ2 እየተጫኑ ባዮስ ይግቡ፣ ቪኤምዲን ያጥፉ፣ በኤፍ10 አስቀምጠው ይውጡ። ይህን የሚያደርጉት ዊንዶውስ ከመጫንዎ በፊት ነው። ተጭኖ ካለቀ በኋላ ቢያጠፉት ዊንዶውስ የተነሳበትን ዲስክ ስለሚያጣ ሰማያዊ ስክሪን ያሳይዎታል።

ሬይድ የሚፈልጉ ከሆነ ከማዘርቦርዱ አምራች ድረ ገጽ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን ያውርዱና ዊንዶውስ የሚጭኑበት ፍላሽ ላይ ይገልብጡ። ባዶው ገጽ ላይ «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን ተጭነው ፎልደሩን ያሳዩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መጫኛው የሚያነበው በአይኤንኤፍ የሚያልቀውን ፋይል ስለሆነ፣ ዚፑ ሳይፈታ ከቀረ ድራይቨር የለም ይላል።

የድሮውን ዲስክ ግን አደራ፣ ተከላው እስኪያልቅ አይሰኩት። የቀድሞ የማስነሻ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ካለበት አዲሱ ዊንዶውስ የማስነሻ ፋይሎቹን እዚያው ሊያስቀምጥ ይችላል። በኋላ ዲስኩን የነቀሉ ዕለት ኮምፒውተሩ አይነሳም።

ጥያቄ፦ ዲስኩ ይታያል፤ ነገር ግን «ኤምቢአር ስለሆነ እዚህ ላይ መጫን አይቻልም» አለኝ።

መልስ፦ ኤምቢአርና ጂፒቲ የዲስኩ ክፍሎች የሚመዘገቡባቸው የድሮውና የአዲሱ ዘዴ ናቸው። ፍላሹ የተነሳው በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የባዮስ ዓይነት) ነው፤ ዩኢኤፍአይ ደግሞ ጂፒቲ ይፈልጋል። በዲስኩ ላይ የሚፈልጉት ፋይል ካለ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ይገልብጡት፣ ምክንያቱም ቀጣዩ ሥራ ሁሉንም ያጠፋል። ሺፍትና ኤፍ10 አብረው ሲጫኑ ጥቁር መስኮት ይከፈታል። ዲስክፓርት፣ ቀጥሎ ሊስት ዲስክ ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ። የዲስኩን ቁጥር በመጠኑ ይለዩ፤ ቁጥሩ 0 ከሆነ ሰሌክት ዲስክ 0፣ ከዚያ ክሊን፣ በመጨረሻ ኮንቨርት ጂፒቲ። መስኮቱን ዘግተው ዝርዝሩን «ሪፍሬሽ» ያድርጉ። ኤምቢአር እንደተለመደው ከ2 ቴራባይት በላይ ስለማይይዝ፣ ለትልቅ ዲስክ ቢሆን ኖሮም መቀየሩ አይቀርም ነበር።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ተጭኖ ኢንተርኔት ካላገናኘህ አላልፍም አለኝ፤ ዋይፋይም አይታይም።

መልስ፦ የአዲሱ ማዘርቦርድ የኔትወርክ ድራይቨር መጫኛው ውስጥ የለም ማለት ነው። ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ሰክተው ኢንተርኔቱን ያካፍሉ፤ ብዙ ጊዜ ያለ ድራይቨር ይሠራል። ከገቡ በኋላ የዋይፋዩን ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ ያውርዱ።