«መብራት ሄደ እንዴ?» የሶፕራኖስ መጨረሻና የአንባቢያን ጥያቄዎች

የዚህ እትም ጥያቄዎች በሙሉ ስለ አንድ ተከታታይ ድራማ ናቸው። «ዘ ሶፕራኖስ» ከ1999 እስከ 2007 በአሜሪካው ኤችቢኦ ጣቢያ የታየ፣ 86 ክፍል ያለው የኒው ጀርሲ ማፊያ አለቃ የቶኒ ሶፕራኖ ታሪክ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል። መጨረሻውን ያላያችሁ ገጹን ገልብጡት፤ ከዚህ በታች የምንደብቀው ነገር የለም።

ጥ፦ ድራማውን ፍላሽ ላይ አስጭኜ ነው የጨረስኩት። የመጨረሻው ክፍል ላይ ቤተሰቡ ምግብ ቤት ተቀምጦ እያለ ስክሪኑ ድንገት ጨለመ፣ ድምፁም ጠፋ። መብራት የሄደ መስሎኝ ነበር። ፋይሉ ተቆርጦ ነው? ሌላ ኮፒ ልፈልግ? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መ፦ አይልፉ፤ ፋይልዎ ጤነኛ ነው። ጁን 10 ቀን 2007 ማታ አሜሪካ ውስጥ ድራማውን ሲከታተል የነበረው ሕዝብም የኬብል መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ቴሌቪዥኑን ሲነካካ ነበር። እርግጠኛ ለመሆን ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ የጆርኒ ባንድ ዘፈን የሚቆረጠው ዘፋኙ «ዶንት ስቶፕ» እንዳለ መሆን አለበት፤ ከዚያ በፊት ከተቋረጠ በእርግጥም ጎድሎብዎታል። ሁለተኛ፣ ጥቁሩ ስክሪን 10 ሰከንድ ያህል ከቆየ በኋላ የሠሪዎቹ ስም ያለ ምንም ሙዚቃ ማለፍ ይጀምራል። ስሙ ከሌለ የጫነልዎ ሰው ወይም ፋይሉን ያዘጋጀው ቆርጦታል ማለት ነው። ታሪኩ አይጎድልብዎትም፤ ዝምታው ግን ይጎድላል፣ እሱ ደግሞ የሥራው አካል ነው። የድራማው ፈጣሪ ዴቪድ ቼዝ እንዲያውም የማንም ስም ሳይታይ ጥቁሩ እስከ ጣቢያው ዓርማ ድረስ እንዲዘልቅ ፈልጎ ነበር፤ የዳይሬክተሮች ማኅበር አልፈቀደለትም።

በኢንተርኔት የሚያዩትን ሌላ ችግር ያገኛቸዋል። አብዛኞቹ መተግበሪያዎች አንድ ክፍል ሊያልቅ ሲል ስክሪኑን አሳንሰው የሌላ ድራማ ማስታወቂያ ይደቅናሉ። ጥቁሩ ላይ ይህ ከመጣ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። የመጨረሻውን ክፍል ከመክፈታችሁ በፊት ቀጣዩን በራሱ የሚያጫውተውን ምርጫ ከሴቲንግ ውስጥ አጥፉት።

ጥ፦ እኔ ቶኒ ሞቷል እላለሁ፣ ታናሽ ወንድሜ አልሞተም ይላል። ፍረዱን። (ደንበኛችሁ፣ ከአዲስ አበባ)

መ፦ ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ እርስዎ ረተዋል። ነገር ግን ማስረጃውን ካልያዙ ወንድምዎ ነገ ይግባኝ ማለቱ አይቀርም።

ዋናው ማስረጃ የበሩ ደወል ነው። ቶኒ ምግብ ቤቱ (ሆልስተንስ) ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ያለውን ትዕይንት በኢርፎን እንደገና ይዩት። በሩ ሲከፈት ደወሉ ይጮኻል፤ ቶኒ ቀና ይላል፤ ቀጥሎ የምናየው ቶኒ የሚያየውን ነው። ሰው በገባ ቁጥር ይኸው ቅደም ተከተል ይደጋገማል፤ ሚስቱ ካርሜላ ስትገባም እንዲሁ ነው። ተመልካቹ ሳይታወቀው ይለምደዋል። በመጨረሻ ሴት ልጁ ሜዶው ውጭ መኪናዋን አቁማ ወደ በሩ ስትሮጥ ደወሉ ይጮኻል፣ ቶኒ ቀና ይላል። እንደ ልማዱ ቢሆን አሁን የምናየው የቶኒን እይታ ነው። የምናየው ጥቁር ነው። እንግዲህ በዚያች ቅጽበት ቶኒ የሚያየው ነገር የለም፣ የሚሰማውም የለም። ሙዚቃው በስሱ ሳይጠፋ ስንኝ መሃል ላይ የተቀነጠሰውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከዚያ ቀደም ብሎ የተዘራ ነው። የስድስተኛው ሲዝን ሁለተኛ አጋማሽ ሲጀምር («ሶፕራኖ ሆም ሙቪስ») ቶኒና የእኅቱ ባል ቦቢ ሐይቅ ላይ ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው ያወራሉ፤ ቦቢ ሞት ሲመጣ ሰው ምናልባት ድምፁን እንኳ ሳይሰማ ነው ይላል። ይህን ንግግር እንዳንረሳው ከመጨረሻው በፊት ባለው «ዘ ብሉ ኮሜት» መዝጊያ ላይ፣ ቶኒ ጠመንጃ ታቅፎ አልጋ ላይ ጋደም ሲል በትዝታ ይመልሱልናል። አንድን ወሬ በከንቱ ሁለት ጊዜ የሚያሰማ ድራማ አይደለም። ብዙ ሰው የሚዘለው ደግሞ «ስቴጅ 5» ውስጥ ያለው የእራት ግድያ ነው። የኒው ዮርኩ ጄሪ ቶርቺያኖ አጠገቡ ሲገደል የቶኒ አማካሪ ሲልቪዮ ነገሩ የሚገባው ደሙ ፊቱ ላይ ከረጨ በኋላ ነው፤ ድምፁም ለእኛ የሚደርሰን ተዛብቶና ዘግይቶ ነው። ምግብ ጠረጴዛ ላይ የሚመጣ ሞት ከውስጥ ምን እንደሚመስል እዚያ ልምምድ አስደርገውናል።

ሦስተኛው ሰውየው ነው። ሜምበርስ ኦንሊ የሚባለውን ጃኬት የለበሰው እንግዳ ከቶኒ ልጅ ከኤጄ ፊት ፊት ይገባል፣ ባንኮኒው ጋ ይቀመጣል፣ ወደ ቶኒ ጠረጴዛ ሰረቅ አድርጎ ያያል፣ ከዚያ ተነሥቶ ወደ መጸዳጃ ቤት ያልፋል። ከዚያ ሲወጣ ቶኒን ከጎኑ ያገኘዋል። የማፊያ ፊልም የሚያውቅ ተመልካች መጸዳጃ ቤት ሲባል «ዘ ጎድፋዘር» ውስጥ ማይክል ሽጉጡን ያወጣበት ቦታ ወዲያው ይታወሰዋል። «ሜምበርስ ኦንሊ» ደግሞ የስድስተኛው ሲዝን የመጀመሪያ ክፍል ርዕስ ነው፤ ቶኒ የተተኮሰበት ክፍል።

አሁን ለወንድምዎ እንቁምለት። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ጠላቱ ፊል ሊዮታርዶ ነዳጅ ማደያ ተገድሏል፣ ከኒው ዮርክ ሰዎች ጋር እርቅ ወርዷል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አጠራጣሪ የሚመስለው ካሜራው እንዲያ ስላሳየን ነው፤ የቶኒ ኑሮ ከዚህ በኋላ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ደወል በጮኸ ቁጥር ቀና ማለት ነው፣ የተቆረጠውም የእኛ ማየት እንጂ የእሱ ሕይወት አይደለም ይላሉ ይህን ወገን የያዙት። ጥሩ ንባብ ነው። ችግሩ የደወሉን ሥርዓትና የቦቢን ንግግር ወዴት እንደሚያደርጋቸው አያውቅም።

ጥ፦ ሞቷል ካላችሁ ገዳዩ ማን ነው? (ከባሕር ዳር)

መ፦ አይታወቅም። የሚታወቅበትም መንገድ የለም፤ አልተቀረጸምና። ግምቶቹን በብርታታቸው መደርደር ግን ይቻላል።

ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ኒው ዮርክ ላይ ነው። ነገር ግን የፊልን መገደል የፈቀደው የራሱ ምክትል ቡች ነው፤ በማግስቱ ቶኒን መግደል ምን ይጠቅመዋል? ሊሆን የሚችለው እርቁ ማዘናጊያ ከነበረ ብቻ ነው። ከቶኒ ሰዎች አንዱ ፓትሲ ፓሪሲ የተሻለ ምክንያት አለው፦ መንትያ ወንድሙ ፊሊ በሁለተኛው ሲዝን መጀመሪያ የተገደለው በቶኒ ትእዛዝ ነው። ግን ልጁ የሜዶው እጮኛ ሆኗል፣ ቤተሰቡ ሊዛመድ ደጃፍ ላይ ነው። ሦስተኛው ግምት እንዲህ ያለ ጃኬት ይለብስ የነበረውና ራሱን የሰቀለው የቶኒ ሰው የዩጂን ፖንቴኮርቮ ዘመድ የሚል ነው፤ ከጃኬቱ በቀር ምንም ድጋፍ የለውም።

እግረ መንገዳችንን፣ ተመልካች ገዳይ ሲፈልግ ሕጉን ይረሳዋል። ቶኒ ምግብ ቤት የገባው ከሰዎቹ አንዱ ካርሎ ለመንግሥት ምስክር መሆኑን ሰምቶ ነው። ጠበቃው ሚንክ ክስ የመመሥረቱ ዕድል ከ80 እስከ 90 በመቶ እንደሆነ የኬቻፕ ጠርሙስ እየደበደበ ነግሮታል። ጥይቱ ቢስተው እንኳ እስር ቤቱ አይስተውም ነበር። ለዚህ ነው «አልሞተም» ማለት «ተረፈ» ማለት ያልሆነው።

ጥ፦ ደራሲው ራሱ አንድ ጊዜ ሞቷል፣ ሌላ ጊዜ አልሞተም አለ ይባላል። የትኛውን እንመን?

መ፦ በ2014 አንድ ድረ ገጽ ቼዝ «አልሞተም» ብሎ መመለሱን ጻፈ፤ ወዲያው የቼዝ ወኪል ቃሉ ከአውዱ ወጥቶ እንደተወሰደ አስታወቀ። በ2015 ትዕይንቱን እንዴት እንደቀረጸው አንድ በአንድ አብራራ፣ ፍርድ ግን አልሰጠም። በ2019 በወጣ ቃለ ምልልስ ግን አፉን አዳለጠውና የሞት ትዕይንት ብሎ ጠራው። በ2021 ለሆሊውድ ሪፖርተር የበለጠ ከፈተው፦ መጀመሪያ ያሰበው ቶኒ በሊንከን መሿለኪያ በኩል ወደ ኒው ዮርክ ለስብሰባ ሄዶ እዚያ እንዲገደል ነበር፤ ኋላ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት በመንገዱ ሲያይ ቶኒ መጨረሻው እንዲህ ያለ ቦታ ይሁን አለ።

የኛ ምክር ቃለ ምልልሱን ሁለተኛ፣ ፊልሙን አንደኛ ማድረግ ነው። የመጨረሻውን ክፍል የጻፈውም ያዘጋጀውም እሱ ነው፤ በጽሑፉም ኤሚ ተሸልሞበታል። ሊናገር የፈለገውን እዚያው ተናግሯል።

ጥ፦ «ብሬኪንግ ባድ» ሁሉንም በቦታው አስቀምጦ ጨረሰ። መጨረሻ ማለት እንዲያ አይደለም ወይ? (ከመቐለ)

መ፦ በሴፕቴምበር 2013 ያለቀው ያ ክፍል በሥራ ጥራቱ የሚታማ አይደለም። ዕፅ አምራቹ ዋልተር ዋይት ሒሳቡን አንድ በአንድ ይዘጋል፦ ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለልጁ የሚደርስበትን መንገድ ያበጃል፣ ሪሲን የተባለው መርዝ የዕፅ ነጋዴዋ የሊዲያ ሻይ ውስጥ ይገባል፣ መኪና ውስጥ የተጠመደው ኤም 60 መትረየስ ወንበዴዎቹን ይጨርሳል፣ የሥራ ባልደረባው ጄሲ ነፃ ይወጣል። ለሚስቱም ያን ሁሉ ያደረገው ለቤተሰቡ ሳይሆን ለራሱ ብሎ መሆኑን ያምናል፤ የክፍሉ ምርጥ ጊዜ ይህ ነው።

ቅር የሚለን ዕቅዱ አንዲት ጊዜ እንኳ አለመሳቱ ነው። በበረዶ የተሸፈነ የሰው መኪና ውስጥ ገብቶ ይጸልያል፣ ቁልፉ ከላይ ይወድቅለታል። አምስት ሲዝን ሙሉ እያንዳንዱ ዕቅዱ አንድ ያልታሰበ ጦስ ይዞበት ሲመጣ የኖረ ሰው መጨረሻ ላይ ሁሉ ሠመረለት። አንዳንድ ሃያሲያን ቀሪውን ዋልተር እዚያ መኪና ውስጥ ሲሞት ያየው ሕልም ነው ብለው እስከ መተርጎም የደረሱት ለዚህ ነው። እኛ እስከዚያ አንሄድም፤ ግን ከየት እንደመጣ ይገባናል።

የባልቲሞሩ ድራማ «ዘ ዋየር» ደግሞ (2002 እስከ 2008፣ 60 ክፍል) በሦስተኛ መንገድ ሄዷል። ሰዎቹ ይነሣሉ፣ ቦታቸው ግን አይነሣም፤ ወጣቱ ማይክል የዘራፊውን የኦማርን ጠመንጃ ይይዛል፣ ጓደኛው ዱኪ የሱሰኛውን የበብልስን ሱስ ይወርሳል። ባልቲሞር ባለችበት ትቀጥላለች።

ጥ፦ ጫካ ውስጥ ያመለጠው ሩሲያዊስ የት ደረሰ?

መ፦ የትም። «ፓይን ባረንስ» (2001) ላይ ጭንቅላቱን ተመቶ ተሰወረ፣ በቃ። ይህን በጊዜው የተቀበለ ተመልካች የመጨረሻው ጥቁር ብዙም አላስደነገጠውም። በዚያው ሲዝን የቶኒን የሥነ ልቦና ሐኪም ዶክተር ሜልፊን የደፈረው ሰው ሳይቀጣ እንደቀረ አስታውሱ፤ አንዲት ቃል ለቶኒ ብትናገር ያልቅለት ነበር፣ አልተናገረችም። ድራማው ዕዳ ሳያስከፍል መተውን ከስድስት ዓመት በፊት ጀምሮ ነግሮናል።

ጥ፦ ሁሉንም ለመድገም ጊዜ የለኝም። መጨረሻው እንዲገባኝ የትኞቹን ልይ? የኔ ኮፒ ላይ ሰባተኛ ሲዝንም አለ። (ከዱባይ)

መ፦ ሰባተኛ ሲዝን የለም። ስድስተኛው 21 ክፍል ሆኖ በሁለት ተከፍሎ ነው የታየው፤ በ2006 12ቱ፣ በ2007 ቀሪዎቹ 9። አንዳንድ ጫኞች ዘጠኙን ሰባተኛ ብለው ይሰይሟቸዋል። አምስት ክፍል ይበቃዎታል። በመጀመሪያ የመጀመሪያው ሲዝን 13ኛ ክፍል፦ በዝናቡ ሌሊት በጓደኛው በአርቲ ምግብ ቤት ተቀምጠው ቶኒ ልጆቹን እንዲህ ያሉትን ትናንሽ ደስ የሚሉ ጊዜያት አስታውሱ ይላቸዋል። ከስድስተኛው ደግሞ 13፣ 14፣ 20 እና 21። ሆልስተንስ ውስጥ ኤጄ ያንኑ የዝናቡን ሌሊት ምክር ለአባቱ መልሶ ሲነግረው ያንን የመጀመሪያ ሲዝን ክፍል አስቀድሞ ያየ ሰው ብቻ ነው ሙሉ በሙሉ የሚሰማው፤ ቶኒ የራሱ ንግግር መሆኑን እንኳ በቅጡ አላስታወሰውም። ሰብታይትሉን የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ያጥፉት። ዓይንዎን ከቶኒ ፊት ወደ ታች ይስበዋል፣ አንዳንዱም የደወሉን ድምፅ በጽሑፍ እያስነበበ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል።

ጥ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ምግብ ቤቱ እውነተኛ ነው ወይስ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ? (እኅታችሁ)

መ፦ እውነተኛ ነው፤ ኒው ጀርሲ፣ ብሉምፊልድ ከተማ፣ ብሮድ ስትሪት ላይ ያለ አይስክሬምና ከረሜላ ቤት። ጠረጴዛው ላይ ቶኒ ዘፈን የመረጠባቸውን ትንንሽ ሳጥኖች ግን አይፈልጉ፤ ለቀረጻው የመጡ ናቸው። ቤተሰቡ የተቀመጠበት መቀመጫም በ2024 በጨረታ 82,600 ዶላር ተሸጦ በአዲስ ተተክቷል። የሽንኩርት ቀለበቱ አሁንም አለ።