የመጀመሪያው ሳምንት ኪሎ ወዴት ሄደ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፤ ጤናና አመጋገብ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 38፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ዳይት ስጀምር 86 ኪሎ ነበርኩ። በቀን 1,500 ካሎሪ እንድበላ ስለተነገረኝ እንጀራ ቀነስኩ፤ ስኳርና ለስላሳ ጭራሽ ተውኩ። በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ ከ400 ግራም ወረድኩ፤ በሁለተኛው 900 ግራም፣ በሦስተኛው 300 ግራም። በአራተኛው ሳምንት ደግሞ እንኳን ልቀንስ 200 ግራም ጨመርኩ። አበላሌ ግን ያው ነው። ሰውነቴ ዳይቱን ለምዶት ይሆን? ወደ 1,000 ካሎሪ ብወርድስ?
ማ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህታችን፣ አይውረዱ። ዳይቱ እየሠራ ነው። ያሳሳተዎት የአራተኛው ሳምንት ቁጥር ሳይሆን የመጀመሪያው ነው።

ሒሳቡን እንየው። በእርስዎ ዕድሜ፣ ቁመትና ክብደት ያለች፣ የጉልበት ሥራ የማትሠራ ሴት በቀን የምታቃጥለው 2,050 ካሎሪ ገደማ ነው። 1,500 ሲበሉ በየቀኑ 550፣ በሳምንት 3,850 ካሎሪ ይጎድላል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ስለሚይዝ በሳምንት ሊሄድ የሚችለው ስብ ግማሽ ኪሎ ያህል ነው። 3 ኪሎ ከ400 ግራም ስብ በሰባት ቀን ለማቃጠል በየቀኑ ከ3,700 ካሎሪ በላይ መጉደል ነበረበት። ሳምንቱን ሙሉ እህል ባይቀምሱ እንኳ በቀን የሚጎድለው 2,050 ብቻ ነው።

የቀረው 2 ኪሎ ከ900 ግራም በአብዛኛው ውሃ ነው። ጉበትና ጡንቻ ከምግብ የሚያገኙትን ስኳር ግላይኮጅን አድርገው ያከማቻሉ፤ ጉበት 100 ግራም ገደማ፣ ጡንቻ ደግሞ 400 ያህል። አንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። እንጀራ፣ ዳቦና ስኳር ሲቀንሱ ሰውነት ቀድሞ የሚያወጣው ከዚህ ጎተራ ነው። 300 ግራም ግላይኮጅን ቢወጣ ከነውሃው 1 ኪሎ ከ200 ግራም ከሚዛኑ ላይ ይጠፋል።

ከዚያ ጨው አለ። ወጥና ዳቦ ሲቀንስ አብሯቸው የሚገባው ጨው ይቀንሳል። በዚያ ላይ ስኳር የሚሆን ምግብ ሲያንስ ኢንሱሊን ይወርዳል፤ ኢንሱሊን ሲወርድ ደግሞ ኩላሊት ይዞት የነበረውን ጨው በሽንት ይለቀዋል። ዳይት በተጀመረ ሰሞን ሌሊት ለሽንት መነሣት የሚበዛው አንድም ለዚህ ነው። ሰውነት ውስጥ 9 ግራም ጨው አንድ ሊትር ገደማ ውሃ አስሮ ይይዛል፤ ጥቂት ግራም ጨው ሲወጣ ኪሎው ምን ያህል እንደሚወርድ ከዚህ ይገምቱት። የቀረው የአንጀት ነገር ነው። በቀን የሚገባው ምግብ ሲቀንስ በመንገድ ላይ ያለውም ይቀንሳል፤ ይህ ብቻውን ግማሽ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል።

እነዚህ ሦስቱ የሚሄዱት አንድ ጊዜ ነው። ጎተራው ዝቅ ካለ በኋላ በየሳምንቱ እንደገና ዝቅ ሊል አይችልም። ስለዚህ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሚዛኑ የሚያሳየው ስቡን ነው፤ እሱም ውሃው ካልሸፈነው። በአራተኛው ሳምንት ግማሽ ኪሎ ስብ ሄዶ 700 ግራም ውሃ ቢገባ ሚዛኑ 200 ግራም ጨመረ ይላል። የወር አበባ የሚመጣበት ሰሞን ብቻውን ከ1 እስከ 2 ኪሎ ውሃ ሊያስይዝ ይችላል። ጨው የበዛበት የግብዣ ምግብ፣ የሁለት ቀን የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ የተጀመረ ስፖርት ያስከተለው የጡንቻ ሕመምም እንዲሁ ያደርጋል። ረሃብ ራሱ ውሃ ያስይዛል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወንዶች ለ24 ሳምንታት በግማሽ ረሃብ እንዲቆዩ የተደረገበት ጥናት ነበር፤ ሰዎቹ እየከሱ ሳለ ቁርጭምጭሚታቸው በውሃ ያብጥ ነበር፤ ውሃውም የወረደውን ክብደት በከፊል ደብቆታል። የእርስዎ ዳይት እንደዚያ የከበደ አይደለም፤ ወደ 1,000 ቢወርዱ ግን ወደዚያው አቅጣጫ አንድ እርምጃ ነው።

«ሰውነቴ ለምዶት ይሆን?» ላሉት፣ ትንሽ እውነት አለው። ቀለል ያለ ሰውነት የሚያቃጥለው ያንሳል። በ4 ኪሎ ልዩነት ግን ይህ በቀን ከ50 እስከ 100 ካሎሪ ቢሆን ነው። ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ ዳይቱን አያቆመውም።

ወደ 1,000 መውረድ የሚያመጣው ሌላ ጣጣ አለ። ከስቡ ጋር ጡንቻ ይሄዳል። ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ፀጉር በብዛት መርገፍ ሊጀምር ይችላል፤ ያኔ ብዙ ሴቶች ጥፋቱን ሻምፑ ላይ ያደርጋሉ። በሳምንት ከ1 ኪሎ ከ500 በላይ እየወረዱ ሲቆዩ ደግሞ የሐሞት ጠጠር የመፈጠር ዕድሉ ይጨምራል።

ይልቅ አመዛዘንዎን ያስተካክሉ። ጠዋት ሽንት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ በስስ ልብስ ይመዘኑ። ሚዛኑ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ ይሁን፤ ምንጣፍ ላይ ያለ ሚዛን አይታመንም። በየቀኑ ይጻፉትና የሰባቱን ቀን ደምረው ለ7 ያካፍሉ፤ የሚያወዳድሩት አማካዩን ከአማካዩ ጋር ብቻ ነው። ወር አበባ የሚያዩ ሴቶች አበባው ከመጣበት ቀን ቆጥረው የዚህን ዙር አሥረኛ ቀን ካለፈው ዙር አሥረኛ ቀን ጋር ቢያወዳድሩ ይሻላል። መነሻዎን 86 አያድርጉት፤ ዳይቱ በተጀመረ በ15ኛው ቀን ያለውን ክብደት ይያዙ። በየሁለት ሳምንቱ በልብስ ሰፊ ሜትር ወገብዎን ይለኩ፤ ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሽዎን በቀስታ አውጥተው። ወገቡ እየጠበበ ሚዛኑ ከቆመ ጊዜ ይስጡት።

ከ15ኛው ቀን በኋላ አራት ሙሉ ሳምንት አማካዩ ንቅንቅ ካላለ ግን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ድስቱ ውስጥ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ለወጥ በዓይን ግምት የሚፈሰው አንድ የቡና ሲኒ፣ 70 ሚሊ ሊትር ቢይዝ፣ ወደ 580 ካሎሪ ይሆናል፤ ከሰጡን ቁጥር ስንነሣ የአንድ ቀን ጉድለትዎ ማለት ነው። ዘይቱን በማንኪያ ሰፍረው ለተመጋቢው ቁጥር ያካፍሉት። እንጀራውንም በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑት፤ 100 ግራም የጤፍ እንጀራ ወደ 150 ካሎሪ ነው፤ የአንዱ ቤት እንጀራ ግን ከሌላው ቤት በመጠንም በውፍረትም ይለያያል። ጡንቻ እንዳይሄድ በቀን ከ80 እስከ 100 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግዎታል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም፣ 100 ግራም ቀይ ጥሬ ሥጋ 20 ግራም ገደማ አለው። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ካልተነቃነቀ ያኔ 100 ወይም 150 ካሎሪ ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ የ57 ዓመት ሰው ነኝ። ለስኳር ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ፣ ለግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ። ዳይት ከጀመርኩ ስድስት ቀኔ ነው፤ 3 ኪሎ ቀንሻለሁ። ረፋድ ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበኛል፤ ከወንበር ስነሣም ያዞረኛል። ሰዎች «ሰውነትህ እየጸዳ ነው» ይሉኛል።
ከድሬዳዋ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ይህ መጽዳት አይደለም። ዛሬ ነገ ሳይሉ መድኃኒቱን ያዘዘልዎትን ሐኪም ያግኙ።

መንቀጥቀጡና ላቡ የስኳር መውረድ ይመስላል። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ኢንሱሊን አምጣ እያለ የሚያስገድድ መድኃኒት ነው፤ ምግቡ ቢቀንስም ማስገደዱን አይተውም። ሜትፎርሚን ብቻውን ይህን እምብዛም አያደርግም። ሲንቀጠቀጡ ወዲያው ስኳርዎን ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ። 15 ደቂቃ ቆይተው ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙት። ከወጣ በኋላ ምግብ ይብሉ፤ መድኃኒቱ ለረጅም ሰዓት ስለሚሠራ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ቤተሰብዎ ማወቅ ያለበት ነገርም አለ፦ ራስዎን ከሳቱ በአፍ ምንም አይስጡዎት፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ማዞሩ ከላይ ለእህታችን የነገርናት የጨውና የውሃ መውጣት ነው። የግፊት መድኃኒትዎ ራሱ ጨውና ውሃ የሚያስወጣ ስለሆነ ሁለቱ ተደራርበዋል። ግፊትዎን ተቀምጠው፣ ከዚያ ተነሥተው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ያስለኩ። ሲነሡ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለሐኪሙ ይንገሩ። መጠኑን የሚቀንሰው እሱ ነው፤ መድኃኒቶቹን በራስዎ አያቋርጡ። ኢንሱሊን የሚወጉ አንባቢዎች ይህን ሁሉ ዳይቱን ከመጀመራቸው በፊት ከሐኪማቸው ጋር ይጨርሱ።

ጥያቄ፦ በሁዳዴ 5 ኪሎ ቀንሼ ነበር። ከፋሲካ በኋላ በአንድ ሳምንት 3ቱ ተመለሰ። ሁለት ወር ሙሉ የለፋሁት ገደል ገባ?
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ሦስቱም ኪሎ ስብ ቢሆን ኖሮ ከሚያስፈልግዎ በላይ 23,000 ካሎሪ በሳምንት በልተዋል ማለት ነው። የፋሲካ ሳምንት ነውና ጥቂቱን በልተው ይሆናል፤ ሁሉን ግን አይመስለንም። ዶሮ ወጡ ጨው ይዞ፣ ድፎ ዳቦው ጎተራውን ሞልቶ፣ ውሃው በወጣበት መንገድ ተመለሰ። ወደ ተለመደው አበላል ይመለሱና ከ10 ቀን በኋላ ይመዘኑ፤ ያኔ የቀረው ነው እውነተኛው ጭማሪ። ለሚመጣው ጾም ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከሰዓት በኋላ በአንድ ጊዜ የሚበላ ሳምቡሳ፣ ጥብስ ድንችና ዘይት የጠጣ ወጥ ከፍስኩ ምግብ የበለጠ ካሎሪ ሊኖረው ይችላል።

ጥያቄ፦ ከሠርጌ በፊት በፍጥነት ለመቀነስ የሽንት ክኒን (ፉሮሴማይድ) ብወስድና ሳውና ብገባስ?
ሙሽሪት

መልስ፦ አይሆንም። ክኒኑ አንድ ግራም ስብ አይነካም፤ ከውሃው ጋር ፖታሲየም ያስወጣና የልብ ምት ያዛባል። በሳውና የወጣው ላብ ደግሞ ውሃ ሲጠጡ ወዲያው ይተካል። ቀሚሱን ሰፊዋ ታስፋው።

ጥያቄ፦ እኔ ዳይት አልያዝኩም፤ ግን በአራት ወር ከ70 ወደ 64 ኪሎ ወርጃለሁ። ጓደኞቼ «ታድለሽ» ይሉኛል። አሁን የቀረውን በዳይት ልጨርሰው?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ዳይቱን ያቆዩት። ሳይፈልጉት በስድስት ወር ውስጥ ከክብደቱ 5 ከመቶ ያጣ ሰው ምርመራ ያስፈልገዋል፤ እርስዎ ከ8 ከመቶ በላይ አጥተዋል። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ሁለቱን የኪሎ ቁጥሮች ከነወራቸው ይንገሩ። ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ መቆየቱን፣ ሌሊት ላብ ማላብን፣ ውሃ ጥምና ሽንት መብዛትን፣ ልብ መምታትንና የእጅ መንቀጥቀጥን፣ የሰገራ ለውጥን አንድ በአንድ ይጠየቃሉ፤ ካልተጠየቁም ራስዎ ያንሡት። የቲቢ፣ የስኳር፣ የእንቅርት ሆርሞን፣ የኤች አይ ቪና የሰገራ ምርመራ ብዙውን ጊዜ የሚጀመርባቸው ናቸው።