ስፓኒሽ ለጀማሪ፦ በአማርኛ በኩል ቢኬድ ይቀርባል

በዚህ እትም ስለ ስፓኒሽ የዕለት ተዕለት ንግግር ከአንባቢያን የመጡትን ጥያቄዎች ሰብስበናል። ቃላቱን በፊደላችን ያሰፈርናቸው በአነባበባቸው ነው። የጠያቂዎቻችን ስህተት አብዛኛው ምንጩ አንድ ነው፤ ሐሳቡን መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ወደ ስፓኒሽ ያዞሩታል። ብዙ ቦታ ላይ ግን አማርኛ ለስፓኒሽ ከእንግሊዝኛ ይልቅ የቅርብ ዘመድ ይመስላል።

ጥያቄ፦ «ዮ ጉስቶ ካፌ» ስል መምህሬ ሁሌ ታርመኛለች። «ቡና እወዳለሁ» ለማለት «እኔ» የሚለው የት ገባ? (አዲስ አበባ)

መልስ፦ «ጉስታር» የሚለውን ግስ «መውደድ» ብለው ይዘውት ከሆነ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። «ደስ ማለት» ይበሉት። «ሜ ጉስታ ላ ሲዩዳድ» ማለት ቃል በቃል «ከተማው ደስ ይለኛል» ነው። ደስ የሚለው ከተማው ነው፤ እርስዎ የተቀመጡት በ«ኛል» ውስጥ ነው። የስፓኒሹ «ሜ» የሚሠራው ያንኑ ሥራ ነው። «ቴ ጉስታ» ሲሉ «ደስ ይልሃል» ወይም «ደስ ይልሻል» ነው፤ «ሌ ጉስታ» ሲሉ ደግሞ «ደስ ይለዋል፣ ደስ ይላታል፣ ደስ ይልዎታል»።

ነገሩ ሲበዛ ግሱም ይበዛል፦ «ሜ ጉስታን ኤስታስ ካንሲዮኔስ»። አማርኛውም «እነዚህ ዘፈኖች ደስ ይሉኛል» ብሎ ግሱን ያበዛል። እንግሊዝኛ ይህን አያደርግም፤ በእሱ በኩል የመጣ ሰው «ጉስታን» ማለቱን የሚረሳው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ «ሜ ጉስቶ» ካሉ «ራሴን እወደዋለሁ» ብለው አረፉት።

አንዴ ይህ ከገባዎት ሌሎቹ ተከትለው ይመጣሉ። «ሜ ፓሬሴ ኬ ሲ» ማለት «አዎ ይመስለኛል» ነው። «ሜ ኬዳን ዲዬስ ሚኑቶስ» ማለት «10 ደቂቃ ይቀረኛል» ነው። «ሜ ፋልታ ኡኖ» ደግሞ «አንድ ይጎድለኛል»። «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» («ራሴን ያመኛል») ላይ ብቻ ትንሽ ይጠንቀቁ። ስፓኒሽ እዚህ «ራሴ» አይልም፣ በደፈናው «ራሱ» ይላል፤ «ሚ ካቤሳ» ማለት የጀማሪ ስህተት ነው። የሚያመው ሁለት እግር ከሆነም ግሱ ይበዛል፦ «ሜ ዱዌሌን ሎስ ፒዬስ»።

«ርቦኛል»፣ «ጠምቶኛል»፣ «በርዶኛል» የሚሉት ግን በዚህ መንገድ አይሄዱም። ስፓኒሽ እነዚህን በ«አለኝ» ነው የሚላቸው፦ «ቴንጎ አምብሬ» (ረሃብ አለኝ)፣ «ቴንጎ ሴድ»፣ «ቴንጎ ፍሪዮ»፣ «ቴንጎ ሱዌኞ» (እንቅልፌ መጥቷል)፣ «ቴንጎ ፕሪሳ» (ቸኩያለሁ)። «ሞቆኛል» ለማለት «ቴንጎ ካሎር» ነው። ከእንግሊዝኛ ገልብጠው «ኤስቶይ ካሊዬንቴ» ካሉ ወሲባዊ ስሜት እንደተነሳብዎ ይሰማል። ዕድሜም «አለኝ» ነው፦ «ቴንጎ ትሬይንታ አኞስ» (30 ዓመቴ ነው)። በስልክ ሲጽፉ «ኝ»ን የምታሳየውን ሞገድ ምልክት ከተዉ ቃሉ «አኖስ» ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ፊንጢጣ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ለትምህርት ማድሪድ እሄዳለሁ። «ቡዌኖስ ዲያስ» (እንደምን አደሩ)፣ «ቡዌናስ ታርዴስ» (እንደምን ዋሉ) እና «ቡዌናስ ኖቼስ» (እንደምን አመሹ) የሚለዋወጡት ስንት ሰዓት ላይ ነው? (ባሕር ዳር)

መልስ፦ ከሰዓት ይልቅ ምሳን ይከተሉ። ስፔን ውስጥ ምሳ የሚበላው በእኛ አቆጣጠር ከ8 እስከ 9፡30 ባለው ጊዜ ነው፤ ብዙ ሰው ምሳ እስኪበላ «ቡዌኖስ ዲያስ» ይላል። ከምሳ እስኪጨልም «ቡዌናስ ታርዴስ» ነው። በበጋ ማድሪድ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ምሽቱ 3፡45 ገደማ ስለሆነ «ታርዴስ» ረጅም ነው። «ቡዌናስ ኖቼስ» ለመሰናበቻ ብቻ ሳይሆን ሲገናኙም ይባላል። ከጠፋብዎ «ቡዌናስ» ብቻ ይበሉ፤ በማንኛውም ሰዓት ያስኬዳል።

ከሰላምታው በላይ የሚያጠፋፋው ቀጠሮ ነው። «አ ላስ ዶስ» ሲባል «ዶስ» ሁለት ነው ብለው ጠዋት 2 ሰዓት እንዳይሄዱ፤ የእኛ 8 ሰዓት ነው። ቁጥሩን እንደሰሙ 6 ይቀንሱ፤ ካልተቀነሰ 6 ይደምሩ። ደግሞም «ዴ ላ ማኛና» (የጠዋት) ወይስ «ዴ ላ ታርዴ» (ከሰዓት በኋላ) ብለው ያረጋግጡ።

ሰላምታው አጭር ነው። «ኬ ታል?» (እንዴት ነው?) ሲሉዎት «ቢዬን፣ ኢ ቱ?» (ደኅና፣ አንተስ?) ብለው ይመልሱ፣ ይበቃል። የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የሥራውን ደኅንነት በየተራ መጠየቅ አይጠበቅብዎትም። መሳሳም ስፔን ሁለት ጊዜ ነው፤ ሴት ከሴት ወይም ሴት ከወንድ ሲተዋወቁ። ወንድ ከወንድ እጅ ይጨባበጣል። ሜክሲኮና ኮሎምቢያ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ እኛ እንደለመድነው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሊደግሙ ሲሉ አየር ላይ ይቀራሉ።

ጥያቄ፦ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ከኤል ሳልቫዶር ሰዎች ጋር እሠራለሁ። «ቱ» (አንተ፣ አንቺ) ተምሬ ነበር፤ እነሱ «ቦስ» ይላሉ። ትልልቆቹን ደግሞ ምን ልበላቸው? (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ትልልቆቹን «ኡስቴድ» ይበሉ፤ የእኛ «እርስዎ» ነው። አሠራሩም ያው ነው። «እርስዎ ይመጣሉ» ስንል ግሱ «እሳቸው ይመጣሉ» ከሚለው ጋር አንድ እንደሆነ ሁሉ፣ «ኡስቴድ ቢዬኔ» የሚለውም ግሱን ከሦስተኛው ሰው ይዋሳል። የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ለቅርብ ሰው «ቦስ» ይላሉ፤ ግሱም ይለወጣል፦ «ቲዬኔስ» «ቴኔስ» ይሆናል፣ «ኪዬሬስ» «ኬሬስ»፣ «ኤሬስ» ደግሞ «ሶስ»። እርስዎ መጀመሪያ «ኡስቴድ»ን ይያዙ። እዚያ «ኡስቴድ» ማለት መኩራት አይደለም፤ «ቦስ በለኝ» እስኪሉዎት ቢቆዩ ማንም አይቀየምም። ስፔን ሲሄዱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ባለሱቁም ሳይቀር ወዲያው «ቱ» ይላል።

ፆታ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። እኛ «ነህ» «ነሽ» ብለን የምንለየው የሚያናግሩትን ሰው ነው፤ «ኮሞ ኤስታስ?» ግን ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። በተራው እኛ «ደክሞኛል» ስንል ፆታችን አይታወቅም፣ ስፓኒሽ ግን ይለያል፦ ወንዱ «ኤስቶይ ካንሳዶ»፣ ሴቷ «ኤስቶይ ካንሳዳ»።

ለኩሽናው፦ ከሰው ኋላ ሲያልፉ «አትራስ!»፣ ትኩስ ነገር ሲይዙ «ኩዊዳዶ፣ ኬማ!» (ተጠንቀቅ፣ ያቃጥላል)፣ መንገድ ለመጠየቅ «ኮን ፔርሚሶ»። ካልገባዎት ዝም ብለው ራስዎን አይነቅንቁ፤ «ማስ ዴስፓሲዮ፣ ፖር ፋቦር» (ቀስ ብለህ እባክህ) ይበሉ። ዕቃ እየጠቆሙ «ኮሞ ሴ ዲሴ ኤስቶ?» (ይህ ምን ይባላል?) የምትለዋ ጥያቄ በአንድ ወር ውስጥ ሙሉ ኩሽናውን ታስተምራለች።

ጥያቄ፦ ባርሴሎና ውስጥ «ፑዌዶ ቴኔር ኡን ካፌ?» ስል አስተናጋጁ ግራ የገባው ይመስላል። (ባርሴሎና)

መልስ፦ ይህ የእንግሊዝኛ አጠያየቅ በስፓኒሽ ልብስ ነው፤ «ቡና ሊኖረኝ ይችላል?» እንደማለት። የአገሩ ሰው «ሜ ፖኔስ ኡን ካፌ?» ይላል። «ቡና ትቀዳልኛለህ?» ነውና እኛም የምንለው ይኸው ነው። ማኪያቶ ከለመዱ «ኮርታዶ» ይዘዙ፤ ቡናው ላይ ጥቂት ወተት ነው። «ማንቻዶ» የሚል ካዩ ከማኪያቶ ጋር የቃል ትርጉሙ አንድ ቢሆንም (ነጠብጣብ የነካው)፣ ስፔን ውስጥ የሚመጣልዎት ቡና ጠብ የተደረገበት ወተት ነው። ሒሳብ ለመጠየቅ «ላ ኩዌንታ፣ ፖር ፋቦር»።

ጥያቄ፦ «ይቅርታ» ለማለት «ፔርዶን» ነው ወይስ «ሎ ሲዬንቶ»? (ቴል አቪቭ)

መልስ፦ ሰው ከገፉ ወይም አልሰማሁም ለማለት «ፔርዶን»። «ሎ ሲዬንቶ» ከበድ ይላል፤ በእርግጥ ሲያዝኑ ነው። ለሐዘንተኛ ግን እሱም ይቀላል፤ «እግዚአብሔር ያጽናህ» በምንልበት ቦታ «ቴ አኮምፓኞ ኤን ኤል ሴንቲሚዬንቶ» ይባላል። ላስነጠሰ ሰው «ይማርህ» ስንል እነሱ «ሳሉድ» (ጤና) ይላሉ፤ ስፔን «ኼሱስ»ም ይሰማል። እየበሉ ሰው ቢደርስ «እንብላ» የምንለውም አቻ አለው፤ «ጉስታስ?» ይሉና መልሱ «ኖ፣ ግራሲያስ፣ ኬ አፕሮቤቼ» (አይ፣ አመሰግናለሁ፣ መልካም ምግብ) ነው። በሜክሲኮ አጠር አድርገው «ፕሮቤቾ» ይላሉ።

ጥያቄ፦ «ግን» እና «ውሻ» ለእኔ አንድ ቃል ሆነውብኛል፤ ሁለቱም «ፔሮ»። (ደሴ)

መልስ፦ በፊደላችን ሲጻፉ እውነትም አንድ ናቸው። ልዩነቱ «አለ» (ተናገረ) እና «አለ» (ይገኛል) ላይ ያለው ነው፤ ላልቶ «ግን»፣ «ሮ»ን አጥብቀውና አንከባልለው «ውሻ»። ማጥበቅና ማላላት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ምላሳችንን ጥቂት ማንቀጥቀጥ ብቻ ነው የሚጨመረው። ለመለማመጃ «ካሮ» (ውድ፣ ላልቶ) እና «ካሮ» (መኪና፣ ጠብቆ) እያፈራረቁ ይበሉ። ስፔን ውስጥ መኪና «ኮቼ» ስለሆነ «ካሮ»ን ጠበቅ አድርገው የሚሰሙት ላቲን አሜሪካ ነው።