ብራንች ካሽ፣ ፒር ካሽ ወይስ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን?

ወንድማችን የጠየቅከው ይህንን ነው፦ ዋናው መሥሪያ ቤት ሀዋሳ፣ ትንንሽ ቅርንጫፎች ሻሸመኔ፣ ይርጋለምና ዲላ። ኤስሲሲኤም (ኮምፒውተሮችን ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድር የማይክሮሶፍት ሶፍትዌር) አላችሁ። አፕዴት በለቀቃችሁ ቁጥር መስመሩ ይታነቅና ደንበኛ "ሲስተም የለም" ይባላል። ከብራንች ካሽ፣ ከፒር ካሽና ከዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የቱን ልምረጥ?

እኔም እዚሁ ሀዋሳ ስለዚሁ ጉዳይ ስለፋ ነው የምውለው። በየቅርንጫፉ ሰርቨር የሚለውን ሐሳብ ተወው። ለስምንት ኮምፒውተር ሰርቨር ገዝቶ፣ መብራት በሄደ ቁጥር "ተነሣ ወይ?" እያሉ መደወል ጣጣ ነው።

የሦስቱም ዓላማ አንድ ነው። ፋይሉ በቀጭኑ መስመር አንዴ ይገባል፣ ከዚያ ማሽኖቹ ይቀባበሉታል። የሚለያዩት "ፋይሉ ማን ጋ አለ?" ብለው በሚጠይቁት አካል ነው። ብራንች ካሽ እዚያው ሰብኔት (የኔትወርኩ አንድ ክፍልፋይ) ውስጥ ያሉትን፣ ፒር ካሽ ኤስሲሲኤምን፣ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የማይክሮሶፍት አገልግሎት ይጠይቃል። ቅርንጫፎችህ ኢንተርኔት ከሌላቸው ሦስተኛውን እርሳው።

እኔ ብሆን በብራንች ካሽ እጀምራለሁ። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ያለ ነው። ዲስትሪቢዩሽን ፖይንቱ (ኤስሲሲኤም ፋይል የሚያድልበት ሰርቨር) ላይ ምልክት ታደርጋለህ፣ ክላየንት ሴቲንግ ላይ ታበራለህ፣ አለቀ። ዊንዶውስ ፕሮ ላይም በቢትስ (የዊንዶውስ የጀርባ ማውረጃ) ለሚወርድ ነገር ይሠራል፤ ኤስሲሲኤምም የሚያወርደው በቢትስ ነው። ግን ገመዱ በአንድ ሰብኔት፣ ዋይፋዩ በሌላ ከሆነ ፋይሉ ሁለቴ ይገባል።

ፒር ካሽን ለሁሉም ማሽን አታብራ። እኛ በየቅርንጫፉ ፋይል ሰጪ እንዲሆን የካሸሩን ዴስክቶፕ መረጥን፤ ዩፒኤስ ላይ ስላለ ምሳ ሰዓትም አይጠፋም። ላፕቶፕ አይሆንም። ባትሪው ሲደክም ወይም ሲፒዩው ከ80 በመቶ ሲያልፍ ለሌላው መስጠቱን ያቆማል። የክላየንቱ ካሽ (የወረደው ፋይል የሚቀመጥበት የዲስክ ቦታ) ካልነካኸው 5 ጂቢ ገደማ ስለሆነ አስፋው። ፋየርዎል ላይ ፖርት 8003ንም ክፈት።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድበት ቦታ። ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ዊንዶውስ 10 ላይ እንዳለ ከተተወ በአንድ ፐብሊክ አይፒ (ኢንተርኔት ላይ በሚታይ አድራሻ) የሚወጡትን ሁሉ ጎረቤት አድርጎ ይቆጥራል። ቅርንጫፎችህ ኢንተርኔት የሚያገኙት በሀዋሳ በኩል ከሆነ የዲላው ማሽን ከሻሸመኔው መጎተት ይጀምራል። መስመሩን ያድንልኛል ያልከው ራሱ ይበላዋል ማለት ነው። ስለዚህ ዳውንሎድ ሞዱን ወደ 2፣ ማለትም ወደ ግሩፕ ቀይረው። ኤስሲሲኤም የባውንደሪ ግሩፑን (የአንድ አካባቢ ኔትወርኮች የሚመደቡበትን ቡድን) መለያ ለዚህ እንዲጠቀምበት የሚያደርግ ሴቲንግ አለው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ባውንደሪ ግሩፖችህ በየቅርንጫፉ ከተለዩ ብቻ ነው። ሁሉም ሰብኔት አንድ ግሩፕ ውስጥ ከታጨቀ ፒር ካሽም ያንኑ ጥፋት ይሠራል። የቱን ልምረጥ ከማለትህ በፊት ይህንን አስተካክል፣ በእውነት ግማሹ ሥራ እሱ ነው።

መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክረው። ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽንን ካበራህ የዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ አክቲቪቲ ሞኒተርን ክፈት። ከአካባቢው ኮምፒውተሮች የመጣው ዜሮ ከሆነ ፖርት 7680ን እይ፣ ቀጥሎ ራሙን። 4 ጂቢ የማይሞላ ማሽን ሴቲንጉ ካልተቀየረ በስተቀር አይካፈልም፣ የኛ አሮጌዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው።