ሚያጂማ ደርሶ መልስ፦ ከባቡሩ በፊት የባሕሩን ሰዓት እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። በስልክ የሚመለስ ስላልሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ሌሎችም እንዲከታተሉ ላስታውስ፦ እናትሽን ይዘሽ በኅዳር አጋማሽ ኦሳካ አራት ቀን ትቆያላችሁ። ከአራቱ በአንዱ ቀን ሂሮሺማ አጠገብ ያለው ሚያጂማ ደሴት ሄዳችሁ፣ ባሕር ላይ የቆመውን የመቅደሱን ቀይ በር አይታችሁ ማታ መመለስ ትፈልጋላችሁ። የእናትሽ ጉልበት ደረጃ አይወድም። በዚያ ላይ ጾም ነው።

ይቻላል። እኔ ኦሳካ አጠገብ ኮቤ ነው የምማረው፤ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ሦስቱንም ደርሶ መልስ። የመጀመሪያው ላይ ግን ጉድ ሆነናል። ከሱ ልጀምርልሽ።

ያኔ ከክፍሌ ልጆች ጋር ነበርን። ስለ ባቡር ተጨቃጨቅን፣ ስለ ብር ተጨቃጨቅን፣ ስለ ባሕሩ ያሰበ ሰው አልነበረም። ተኝተን አርፍደን ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ደሴቱ ደረስን። ፎቶው ላይ በሩ ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። እኛ ያገኘነው ጭቃ ላይ ቆሞ ነው። ዙሪያውን ሰው ከቦት ፎቶ ይነሳል፣ ልጆች በቦት ጫማ ይንቦጫረቃሉ። «ደረቀ እንዴ?» አለ አንዱ ጓደኛችን፣ ከልቡ ደንግጦ። ምን ይደረግ፣ እኛ ሀገር ወንዝ ሲሞላ ነው የምናውቀው። ባሕር በቀን ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ እንደሚጎድል ስድስተኛ ክፍል ተምረን ለፈተና ጽፈን እዚያው ትተነዋል።

እዚያ አካባቢ ደግሞ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሙላቱ ከፍ በሚልባቸው ቀናት በጠዋቱና በከሰዓቱ ውኃ መካከል ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ ልዩነት አለ። የሁለት ሰው ቁመት ማለት ነው። ስለዚህ የትኛው ቀን እንደምትሄዱ የሚወስንልሽ ባሕሩ ነው። የደሴቱ ቱሪዝም ማኅበር የዓመቱን ሰንጠረዥ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል፤ በየቀኑ ስንት ሰዓት ላይ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚደርስ ተጽፏል። ሁለት ቁጥር ብቻ ያዢ። ከ250 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ በሩ የተንሳፈፈ ይመስላል። ከ100 በታች ሲወርድ በእግር እስከ በሩ ሥር ትሄዳላችሁ።

አሁን ዋናውን ምስጢር ልንገርሽ፤ ለዚህ ስል ነው የጻፍኩት። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም ጨርሳ ስትጠፋ፣ በነዚያ ቀናት አካባቢ፣ ባሕሩ እዚያ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ይሞላል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ደግሞ ጥርግ ብሎ ይጎድላል። ማለትም በአንድ ቀን ሁለቱንም የማየት ዕድል አላችሁ። ጠዋት ውኃ ላይ፣ ማታ በእግር። ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሳምንት ከሄዳችሁ ግን ውኃው ቀኑን ሙሉ መሐል ላይ ይንገዋለላል፤ ሞላም አይባል፣ ጎደለም አይባል። አራቱን ቀናችሁን ሰንጠረዡ ላይ አስቀምጪና የተሻለውን ምረጪ። ኪዮቶና ናራ የትም አይሄዱም፣ በሌላኛው ቀን ይታያሉ።

(ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሰንጠረዡና ቲኬቱ ላይ በ24 ሰዓት ነው። አክስቴ 10፡00 የሚለውን አይታ «ገና ብዙ ጊዜ አለን» ብላ ባቡር ልታስመልጠን ነበር።)

አንድ ቀን ግን ዝለዪ፦ ኖቬምበር 23። እዚህ የሥራ በዓል ነው፣ ቅጠሉም የሚቀላው በዚያው ሰሞን ነው፤ ግማሽ ጃፓን ደሴቱ ላይ ይወጣል። በኛ ብዙውን ጊዜ ኅዳር 14 ላይ ይውላል፣ የጾሙ ቅበላ ማለት ነው። ቅበላችሁን ኦሳካ አድርጉት።

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም፣ ቀላል ነው። ከሺን ኦሳካ ጣቢያ ሂሮሺማ በሺንካንሰን፣ በፈጣኑ ባቡር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ሂሮሺማ ጣቢያ ሳትወጪ የጄአርን (የባቡር ድርጅቱ ነው) ሳንዮ መስመር ይዘሽ ሚያጂማጉቺ፣ 28 ደቂቃ። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ በእግር፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ በጀልባ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ኦሳካን ከለቀቃችሁ 4 ሰዓት ሳይሞላ ደሴቱ ላይ ናችሁ። ከሂሮሺማ በትራምም ይኬዳል፤ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ለእናትሽ ወገብ አልመክርም።

ጀልባው ላይ ሁለት ድርጅት ጎን ለጎን ይሠራል። የጄአሩን ያዢ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አልፎ እስከ ከሰዓት ድረስ ሲሄድ ዞር ብሎ በሩን አቅርቦ ያሳያል። በቀኝ በኩል ቁሙ። ዋጋው ሁለት መቶ የን አካባቢ ነው፤ በዚያ ላይ ከ2023 ጀምሮ ለጎብኚ የተጣለ 100 የን ግብር አለ፤ የባቡር ፓስ ቢኖርሽም እሱን ትከፍያለሽ።

ስለ ፓስ ካነሳሁ፦ ካንሳይ ሂሮሺማ የሚባል የአምስት ቀን ፓስ አለ። ታላቅ እህቴ ስትመጣ በ17,000 የን ነው የገዛችው። ሺንካንሰኑንም፣ የጄአሩን ጀልባም ይዟል። ቲኬቱን በነጠላ ብትገዢ ደርሶ መልሱ ብቻ ወደ 20,000 ይጠጋል። ለቱሪስት ቪዛ ብቻ ስለሆነ እኔ ነዋሪው አጠገቧ ቆሜ ሙሉውን ከፈልኩ። ሳቀችብኝ። ፓስፖርታችሁን እንዳትረሱ።

እንግዲህ ወደ እናትሽ። እኔም ሁለተኛውን ጊዜ የሄድኩት ከታላቅ እህቴና ከአክስቴ ጋር ነው፤ አክስቴም ጉልበቷን ያማታል። ከጀልባው እስከ መቅደሱ ያለው መንገድ ሜዳ ነው፣ በባሕሩ ዳር፣ በዝግታ ሩብ ሰዓት። የሚያስቸግረው ተራራው ነው። ሚሰን ይባላል፣ 535 ሜትር። ሰው ሁሉ «ኬብል ካር አለ» ይልሻል። አለ፤ ግን ጫፍ አያደርስም። ከመጨረሻው ጣቢያ እስከ ጫፉ ግማሽ ሰዓት ዳገትና ደረጃ ይቀራል። አክስቴ ጣቢያው አጠገብ ካለው ማያ ቦታ ላይ ደሴቶቹን ቁልቁል አይታ፣ «እዚህ ድረስ ያመጣኝ ይበቃኛል» ብላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልክ ነበረች። እናትሽ ከፍታ ካልፈሩ እስከዚያ ውሰጂያቸው፣ ካልሆነም ተራራውን ጭራሽ ተዪው።

መቅደሱ ኢትሱኩሺማ ይባላል፤ የደሴቱም ትክክለኛ ስም እሱ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪክ በ593 ተመሠረተ ይባላል፤ አሁን ያለውን መልክ የሰጠው ግን በ1168 ታይራ ኖ ኪዮሞሪ የሚባል ኃይለኛ ሹም ነው። ውኃ ላይ የተሠራው ለጌጥ አይደለም። ደሴቱ ራሱ ቅዱስ ስለነበር ተራ ሰው መሬቱን አይረግጥም፤ በጀልባ በበሩ አልፎ ነው የሚገባው። የጣና ገዳማትን ላየ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በዚህ ቅድስና ምክንያት ድሮ ደሴቱ ላይ መውለድም መሞትም አይፈቀድም ነበር፤ ነፍሰ ጡርና በጠና የታመመ ወደ ማዶ ይሻገራል። አክስቴ ይህን ስነግራት ወዲያው «መቃብሩስ?» አለች። የለም፣ እሱም ማዶ ነው።

የመተላለፊያውን ወለል ጎንበስ ብለሽ እዪው። በሳንቃዎቹ መካከል ጣት የማታስገባ ክፍተት አለ። ማዕበል ሲመጣ ውኃው በዚያ እየወጣ ወለሉን እንዳይገነጥለው ነው። መግቢያው 300 የን ነው፣ ጫማ አይወልቅም።

በሩን በተመለከተ፣ ከሥሩ ካልደረሳችሁ ግማሹን አላያችሁም ማለት እችላለሁ። አሁን ያለው በ1875 የቆመ ነው፤ ቁመቱ ከ16 ሜትር በላይ፣ ክብደቱ 60 ቶን ገደማ። ሁለቱ ዋና ምሰሶዎች ካምፎር የሚባል ዛፍ ግንድ ናቸው፤ እንዳሉ፣ ከነእብጠታቸው፣ ከነጠማማነታቸው። ከሩቅ ለስላሳ ቀይ ይመስላሉ። ከቅርብ ሥራቸው ጠቁሯል፣ እስከ ትከሻ ድረስ ጥቃቅን ዛጎል ለጥፎባቸዋል፣ ሽታቸው የባሕር ነው። አክስቴ እጇን አሳረፈችበትና «እንዴት ነው የተተከለው?» አለችኝ። አልተተከለም። በገዛ ክብደቱ ነው የቆመው። ከላይ ያለው አግዳሚ ውስጡ ሳጥን ነው፤ ሰባት ቶን ገደማ ድንጋይ ሞልተውበት ወደ ታች ይጫነዋል። አላመነችኝም፤ ዞራ ዞራ አየችው። ስንጥቁ ውስጥ ሳንቲም የሚሰካ ሰው ታያላችሁ፤ ክልክል ነው፣ እንጨቱን ይጎዳዋል። በ2019 ጀምረው እስከ 2022 መጨረሻ በሸራ ሸፍነው ሲጠግኑት ነበር።

ጫማ ላይ አስቢበት። ውኃው ሲጎድልም ጭቃው እርጥብ ነው። ነጭ ስኒከር አድርጋ የመጣችው ታላቅ እህቴ እስከ ኦሳካ አኩርፋለች።

አሁን ምግብ። ደሴቱ የታወቀው በተጠበሰ ኦይስተር (ዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ) እና አናጎ በሚባል እባብ መሳይ አሳ ሩዝ ነው። ኦይስተሩን ለእናትሽ አታሳዪያቸው። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም፣ ባለፈው ከፍታችሁት ሦስት ቀን አልተዘጋም። አትበሉም ብዬ ልነሳ። እንግዲያው ሾርባውንም ተጠንቀቂ፤ ኑድል ይሁን ሚሶ፣ ብዙው የሚሠራው ዳሺ በሚባል የአሳ መረቅ ነው። እኛን አንድ ምግብ ቤት «አሳ የለውም» ብሎ አቀረበልን፤ መረቁን ስንጠይቅ ነው የገባን። ሰውዬው አልዋሸም፤ መረቁን አሳ ብሎ አይቆጥረውም። «ዳሺም ጭምር የሌለው» ብለሽ ጠይቂ። ሞሚጂ ማንጁ የሚባለው የቅጠል ቅርጽ ያለው ኬክ ውስጡ ቀይ ባቄላ ስለሆነ የጾም ይመስላል፤ ሊጡ ግን እንቁላል አለው። ገዝተሽ ለማይጾም ስጪ። ትኩሱ ተጠብሶ በእንጨት ሲሰጥሽ፣ ለማይጾም፣ ዋ!

የኔ ምክር፦ ከቤት ይዘሽ ውጪ። እናትሽ ዳቦ ቆሎና በሶ ሳይዙ ጃፓን እንደማይመጡ እገምታለሁ። ፍራፍሬ ጨምሪበት። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ይሄ ይብሳል፤ ምክንያቱም ምግብ ቤቶቹ በዚያ ሰዓት ምሳ ጨርሰው ብዙዎቹ ዘግተዋል። እናንተ ግን ባሕር ዳር ተቀምጣችሁ ትበላላችሁ። አጋዘኖቹን ብቻ ተጠንቀቁ። በየመንገዱ ይንጎራደዳሉ፣ ሲታዩ ደግሞ ምስኪን። ሐዋሳ አሞራ ገደል ጦጣ ሙዝ የነጠቀው ሰው እነዚህንም ያውቃቸዋል። የኔን ካርታ ከኋላ ኪሴ ስቦ ግማሹን በላብኝ፤ ፓሱ ቢሆን ኖሮ አላውቅም። ወረቀት ሁሉ ይበላሉ፣ እናንተ ግን ምንም እንዳትሰጧቸው፣ ክልክል ነው። የቆሻሻ መጣያም እንደ ልብ አታገኙም፤ ፌስታል ያዢና ቆሻሻሽን ይዘሽ ተመለሺ። ሻንጣ ካለሽ ጀልባ ጣቢያው ላይ ኮይን ሎከር፣ በሳንቲም የሚቆለፍ የዕቃ ማስቀመጫ፣ አለ።

የሂሮሺማን የሰላም ሙዚየም፣ የአቶሚክ ቦምቡን መታሰቢያ፣ በዚያው ቀን ልጨምር ወይ ብለሻል። ይቻላል፣ ግን አልመክርም። እኔ በሦስተኛው ጉዞ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ ነበር። ከዚያ ሙዚየም ከወጣሽ በኋላ ፎቶ ለመነሳት ልብ አይኖርሽም። እናትሽ ደግሞ ልጆች ለብሰዋቸው የነበሩትን ልብሶች አይተው ቀኑን ሙሉ ያለቅሳሉ። የራሱ ቀን ይሰጠው፣ ካልሆነም ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ከመቅደሱ በላይ ሰንጆካኩ ግቡ። በ1587 ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ አስጀምሮት ሲሞት ሳያልቅ የቀረ ትልቅ የእንጨት አዳራሽ ነው። ግድግዳ የለውም፣ ከጣሪያው ሥር ኮርኒስም የለውም ማለት ይቻላል፣ ነፋስ ብቻ። ጥቂት ደረጃ አለው፣ እናትሽን ደግፈሽ ይወጡታል። እዚህ ጫማ ይወልቃል፣ በኅዳር ወለሉ በረዶ ነው፤ ወፍራም ካልሲ፣ ደግሞም ያልተቀደደ።

ሱቆቹ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋሉ፤ ያ ሁሉ ሰው ተግተልትሎ ወደ ጀልባው ይሄዳል። እናንተ አትቸኩሉ። በዚያ ወቅት ፀሐይ 11 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሩ ላይ መብራት ይበራል። ጀልባው እስከ ማታ ይሠራል። 12 ሰዓት ላይ ደሴቱን ብትለቁ 3 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ኦሳካ ናችሁ። የምትመጡበትን ቀን ጻፊልኝ፣ ሰንጠረዡን አብረን እናያለን።