አስታማሚንስ ማን ይጠይቀዋል? (ጥያቄና መልስ)

ጠያቂ ሲመጣ የሚጠይቀው ታማሚውን ነው። አስታማሚዋን በር ላይ «በርቺ» ብሏት ይወጣል። ዛሬ ተራው የእናንተ ይሁን ብዬ ጥያቄ ላኩልኝ አልኩ። ብዙ ላካችሁልኝ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ስም አልጠቅስም።

እኔ ነርስ ነኝ። እናቴን ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት በኋላ ሰባት ዓመት ቤት ውስጥ አስታምሜያታለሁ። ሙያው ጠቅሞኛል። ግን ሆስፒታል ውስጥ ተረኛ ይቀይረኛል፤ ቤት ውስጥ ቀያሪ አልነበረኝም። የምመልሰው ሁለቱንም ይዤ ነው። ሐኪማችሁን ግን አልተካም። እሱ በሽተኛውን አይቶታል፣ እኔ አላየሁትም።

ጥያቄ፦ አባቴ አልጋ ላይ ከዋለ ሁለት ወሩ ነው። ትናንት ሳጥበው ከወገቡ በታች አጥንቱ ላይ የቆዳው መልክ ተለውጦ አየሁ። በቅባት አሸሁለት። ደግ አደረግሁ?

መልስ፦ በጊዜ ማየትሽ ትልቅ ነገር ነው። ማሸቱን ግን አቁሚ። የአልጋ ቁስል ሲጀምር እንዲህ ነው። በአጥንትና በፍራሽ መካከል የተጨመቀ ሥጋ ደም አያገኝም። ከላይ ከሚታየው ይልቅ ውስጡ ሊጎዳ ስለሚችል ማሸት ያባብሰዋል።

ቦታውን በጣትሽ ጫን አድርገሽ ልቀቂው። ስትጫኚው ካልገረጣ ጉዳቱ ጀምሯል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ይህ በደንብ ላይታይ ይችላል። ያን ጊዜ በእጅሽ ዳብሺው። ከአካባቢው ከሞቀ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ከጠጠረ ወይም ከላላ፣ ወይም አባትሽ ያመኛል ካለ ተጠንቀቂ።

ዋናው መድኃኒት ክብደቱን ከዚያ ቦታ ላይ ማንሳት ነው። የተለመደው መነሻ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ነው። ሙሉ በሙሉ በጎኑ አታስተኚው፣ የዳሌው አጥንት ተራውን ይጎዳል። ከጀርባው ትራስ ወሽቀሽ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል አድርጊው። ከባቱ ስር ሌላ ትራስ አድርጊና ተረከዙ ፍራሹን አይንካ። ትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሎ ረጅም ሰዓት ከቆየ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ቆዳውም አብሮ ይጎተታል። እንደ ቀለበት መሃሉ ክፍት የሆነውን መቀመጫ ግዢ ቢሉሽ አትግዢ፤ ዙሪያውን ተጭኖ ደም ይከለክላል። አንሶላው አይጨማደድ፣ ቆዳው ረጥቦ አይቆይ። ቆዳው ከተላጠ፣ ውሃ ከቋጠረ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሳትውዪ ሳታድሪ ለሐኪም አሳዪው።

«ሌሊትስ?» ትይኛለሽ። በየ2 ሰዓቱ እየተነሳሽ ወር አትዘልቂም። ወፍራምና ጥሩ የስፖንጅ ፍራሽ ካለው፣ ቆዳውም ደህና ሆኖ ከቆየ፣ የሌሊቱን ወደ 3 ወይም 4 ሰዓት ማራዘም ይቻል እንደሆነ የሚከታተለውን ባለሙያ ጠይቂ። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ አትፈሪ። እንቅልፍሽ የሕክምናው አካል ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ የመርሳት በሽታ አለባት። በገዛ ቤቷ ተቀምጣ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ትላለች። ሲመሽ ይብስባታል። «ቤትሽ እኮ ነው» ስላት ታለቅሳለች።

መልስ፦ «ቤትሽ እኮ ነው» እውነት ነው፣ ግን አይጠቅማትም። የምትፈልገው ግድግዳውን አይደለም። ቤት ስትል ደህንነት ማለቷ ነው፤ ሰው የሚያውቃት ቦታ፣ ምናልባትም የልጅነቷ ቤት። አትከራከሪያት። አጠገቧ ቁጭ ብለሽ «ናፍቆሻል አይደል? እስኪ ስለ ቤትሽ ንገሪኝ» በያት። ትንሽ ካወራች በኋላ እጇን ይዘሽ ወደ ሌላ ክፍል ተራመዱ። ብዙ ጊዜ ይበርድላታል።

ሲመሽ መባሱ የተለመደ ነው። ድካሙ ተጠራቅሟል፣ ጥላው ያስፈራል። ሳይጨልም መብራት አብሪ፣ መጋረጃ ዝጊ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ቀን ረጅም እንቅልፍ አትተኛ። እንደገና ደግሞ ሽንት መጥቷት፣ አሟት ወይም ርቧት እንዳይሆን እዪ። በሽታው ይህን የምትናገርበትን ቃል ነጥቋት ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ለዩልኝ። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ነው የሚያዘግመው። በሰዓታት ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ግራ ከተጋባች፣ ከወትሮው ውጪ ከፈዘዘች ወይም የሌለ ነገር ካየች «በሽታዋ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። አብዛኛው ሊታከም የሚችል ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ኪኒን መዋጥ አቅቶታል። ፈጭቼ ልስጠው?

መልስ፦ ፋርማሲስት ሳትጠይቂ አይሆንም። ቀስ እያለ እንዲሟሟ የተሠራ ኪኒን ከተፈጨ የቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ብዙ መድኃኒት በፈሳሽ መልክም ይገኛልና እሱን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከስትሮኩ በኋላ ውሃ ሲጠጣ ያስለዋል። ወፍራም ነገር ግን ያን ያህል አያስቸግረውም። ለምን?

መልስ፦ ውሃ ፈጣን ነው። የተዳከመ ጉሮሮ በሩን ሳይዘጋ ውሃው ይቀድመውና ወደ ሳንባ ይገባል። ወፈር ያለው ቀስ ስለሚል ጊዜ ይሰጠዋል። ድምፁ ከጠጣ በኋላ እንደ እርጥብ ቢንቆረቆር፣ ወይም የሳንባ ምች ቢደጋግመው ያው ምልክት ነው። የመዋጥ ምርመራ ይደረግለት።

እስከዚያው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በትንሽ በትንሹ ይውሰድ፤ የመጀመሪያውን ሳይውጥ ሁለተኛውን አትስጪው። ከበላ በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ቁጭ ብሎ ይቆይ። እያወራ አይብላ። ጥርሱንና ምላሱን ማጽዳት አትርሺ። ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ ግን ያልጸዳ አፍ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው ሳንባ የሚገባው።

ጥያቄ፦ ሚስቴን ከአልጋ ወደ ወንበር ሳነሳ ወገቤ ሊሰበር ነው። 68 ዓመቴ ነው።

መልስ፦ ጋሼ፣ አያንሷት። ማንሳት ከሚለው ሐሳብ ይውጡ። ሥራው እሷ እንድትነሳ ማገዝ ነው። መጀመሪያ በጎኗ ትዙር፣ እግሯ ከአልጋው ይውረድ፣ ከዚያ ቁጭ ትበል። ትንሽ ትቆይ፤ ድንገት ከተነሳች ያዞራታል። አንድ ጎኗ የደከመ ከሆነ ወንበሩን በሚበረታው ጎኗ በኩል ያስጠጉ። እግሯ መሬት ይርገጥ፣ ጉልበቷ ይታጠፍ፣ ደረቷ ወደ ፊት ያዘንብል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው አብረው ይነሱ። እርስዎ ከጉልበትዎ እጥፍ ይበሉ እንጂ ከወገብዎ አይጎንበሱ። አንገትዎን አቅፋ አትንጠልጠል። የደከመውን እጇን ጎትተው አያንሷት፣ ትከሻዋ ይወልቃል።

ከወደቀች ደግሞ ቶሎ አያንሷት። መጀመሪያ ያናግሯት። ራሷን ከመታች፣ ዳሌዋን ካመማት ወይም አንዱ እግሯ አጥሮ ከታየ ሳያንቀሳቅሷት እርዳታ ይጥሩ። እርስዎም አብረው ከወደቁ ሁለታችሁንም የሚያነሳ የለም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንድ ጊዜ ቤት መጥቶ ቢያሳይዎ ከዚህ ሁሉ ጽሑፌ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ እህቴ ባለቤቷን ስታጥበው ታፍራለች፣ እሱም ይቆጣታል። ምን ልበላት?

መልስ፦ የሚቆጣው ራቁቱን ስለሆነ ነው። ሙሉ በሙሉ አታውልቀው። በፎጣ ትሸፍነውና የምታጥበውን ብቻ ትግለጥ። ውሃውን በክርኗ ትለካው። ሳትነካው «አሁን ጀርባህን ላጥብ ነው» ትበለው። በሚችለው እጁ ፊቱን ራሱ ይጠብ፤ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ይፍጅ። ገላ ሙሉ በየቀኑ መታጠብም ግዴታ አይደለም። ፊት፣ እጅ፣ ብብትና ጭን መካከል ከጸዳ ቀሪው ሊያድር ይችላል።

ጥያቄ፦ አራት ነን። ወንድሞቼ «አንቺ ታውቂበታለሽ» ብለው ይደውላሉ እንጂ አይመጡም። እኔ ሥራዬን ለቅቄያለሁ።

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ በተለያየ ቃል ከአስራ አንድ ሰው መጣልኝ። እኔም ቤት ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ «እርዱኝ» እያልኩ አለቀስኩ። ማንም አልመጣም። ተናድጄ ተውኳቸው። በኋላ ሳስበው «እርዱኝ» ማለት ለሰሚው ምንም ማለት አይደለም። ምን ላድርግ ብሎ አያውቅም፣ ላለማወቁም ምክንያት ያገኛል። አንድ ቀን ወረቀት አወጣሁና ከንጋት እስከ ንጋት የምሠራውን ሁሉ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ሆነ። ለሁሉም ላክሁት። ታላቅ ወንድሜ ደውሎ ዝም አለ። ከዚያ «ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር» አለኝ።

ስለዚህ ሥራውን ጽፈሽ ከፋፍይው። በሰፈር የሌለው በስልክ የሚሠራ ይውሰድ፤ የሐኪም ቀጠሮ መያዝ፣ መድኃኒት ሳያልቅ ማስታወስ፣ ወጪ መክፈል። ቅርብ ያለው ቀን ይውሰድ። «አልፎ አልፎ» አትበይ። «ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ያንተ ነው» በይው። ሥራ መልቀቅሽ የጋራ ወጪ መሆኑንም በግልጽ ተናገሪ። ደመወዝሽ የቀረው ለአንቺ ብቻ ስላልሆነ።

ደግሞ ስትሰጪ ስጪ። ወንድሜ እናቴን ቅዳሜ ሲያበላት በእኔ መንገድ አልነበረም። ሹራቧን ገልብጦ አለበሳት። አንድ ቀን አርሜ መለስኩት፣ ሁለተኛ ቅዳሜ ቀረ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሰላሟን እስካልነካ ድረስ የተገለበጠ ሹራብ ይለፍ።

እምቢ ካሉስ? አንዳንዱ እምቢ ይላል። ያን ጊዜ ሲመጡ እየጠበቅሽ አትክረሚ። ጎረቤት፣ ጓደኛ፣ የምታምኚው ሰው ፈልጊ። ሁለት ሰዓት የሚቀመጥልሽ ሰው በሳምንት አንዴ ካገኘሽ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው። እናቴን የማስታምመው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ሳረፍድ ምክንያቱን አልናገርም።

መልስ፦ ተናገር፣ ልጄ። ከምታምነው አንድ መምህር ጀምር። «እናቴ ታማለች፣ ጠዋት እኔ ነኝ የማነሳት» ማለት ብቻ ይበቃል። ምስጢሯን አላወጣህም። ሰነፍ ነው ተብለህ ከምትቀጣ እውነቱ ይታወቅ። እናትህን መርዳትህ ደግነት ነው። ብቻህን መሸከምህ ግን ትክክል አይደለም፣ የትልልቆች ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ትናንት ሌሊት እናቴ ላይ ጮህኩባት። ከዚያም «ብትሞትስ» ብዬ አሰብኩ። ራሴን ጠላሁት።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን መጻፍሽ ራሱ እንደምትወጃት ያሳያል። እኔም አስቤዋለሁ። ነግሬው የማላውቀው ነገር ነው፣ ለአንቺ ስል ተናገርኩት።

ስቲቨን ዛሪት የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980 የአስታማሚን ሸክም የሚለካ መጠይቅ አወጡ። በኋላ የተለመደው 22 ጥያቄ አለው። ከመካከሉ አንዱ ታማሚው አጠገብ ስትሆኚ ትናደጃለሽ ወይ የሚል ነው። ብዙ አስታማሚ «አዎ» ባይል ኖሮ ጥያቄው ባልተጻፈ ነበር። «ብትሞትስ» ማለትሽም ብዙውን ጊዜ «ይህ ስቃይ ቢያበቃ» ማለት ነው። የእሷም፣ የአንቺም።

ንዴቱ ሲመጣ እሷ ደህና መቀመጧን አይተሽ ከክፍሉ ወጣ በዪ። አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ሲበርድልሽ ተመልሰሽ ይቅርታ ጠይቂያት። ብትረሳውም ድምፅሽ መለስለሱን ትሰማለች።

እጅሽን ልታነሺባት ከቃጣሽ፣ ወይም በራስሽ ሕይወት ላይ ክፉ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን እስከ ነገ አትቆዪ። ዛሬ ለሰው ንገሪ። ሌላ ሰው እሷ ጋ ይደር፣ አንቺ ሐኪም ጋ ሂጂ። እንቅልፍ ከጠፋ ሳምንታት ካለፉሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ምንም ነገር ደስ ካላለሽ ድብርት ሊሆን ይችላል። ይታከማል።

ጥያቄ፦ ባሌ ከሞተ ሦስት ወር ሆነው። አሁንም ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መድኃኒት ልሰጠው እነሳለሁ። ዕቃውን አይቼ እመለሳለሁ። እያበድኩ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሰውነትሽ ተረኛ ሆኖ ቀርቷል። እኔ ስምንት ወር ያህል ነቅቻለሁ። መጀመሪያ ለመተኛት እታገል ነበር። በኋላ ተነስቼ ሻይ አፈላና መስኮት አጠገብ እቀመጥ ነበር። እንቅልፉ በራሱ ጊዜ ተመለሰ።

የተረፈውን መድኃኒት ወደ ፋርማሲ መልሺው፤ ቤት አይቀመጥ፣ ለሌላ በሽተኛም አትስጪ። የልብሱን ጉዳይ ማንም አያስቸኩልሽ። ራስሽን ግን ተመርመሪ። የእኔ የደም ግፊት ሰባት ዓመት አልተለካም ነበር። ሲለካ ሐኪሟ ወንበር ላይ እንድቀመጥ ነገረችኝና ሁለተኛ ለካችኝ።