ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የሰፈራችሁ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ በዓመት ተኩል ሁለቴ ተቃጥሏል፣ ሪዘርቨሩ (የውሃ ማጠራቀሚያው) ጠዋት ጠዋት ባዶ ሆኖ ይገኛል፣ የውሃ ኮሚቴው ደግሞ በተጠራቀመው ብር ትልቅ ፓምፕ እንግዛ ወይስ ወደ ሶላር እንዙር እያለ ይከራከራል። እኔ በአንዲት ትንሽ ከተማ የውሃ ኦፕሬተር ሆኜ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ለጊዜው ሁለቱንም አትግዙ። መጀመሪያ ለኩ።

እኛም ሁለት ፓምፕ አቃጥለናል። ሁለተኛው ሲቃጠል ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ከወንዝ ቀዳ፣ ሴት ልጆች ጀሪካን ተሸክመው ከትምህርት ቀሩ። አሁንም ሳስበው ያመኛል። ሁላችንም "ፎርጅድ ነው የሸጡልን" እያልን ዕቃውን ነበር የምንረግመው። በኋላ አንድ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ፓነሉን (የፓምፑን መቆጣጠሪያ ሳጥን) ሲከፍት፣ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ሲጎድል ፓምፑን የሚያጠፋው የኤሌክትሮድ ሽቦ ተቆርጦ፣ ፓምፑ ያለ እሱ እንዲሠራ ዳይሬክት ተደርጎ አገኘው። ፓምፑ ቶሎ ቶሎ እየጠፋ ሲያስቸግር አንዱ "ለዛሬ ብቻ" ብሎ ያገናኘው ነው፣ በዚያው ቀረ። የሰመርሲብል፣ ማለትም ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ውስጥ የሚቀመጥ ፓምፕ፣ ሞተር የሚቀዘቅዘው በዙሪያው በሚያልፈው ውሃ ነው። ባዶውን ከዞረ ብዙ አይቆይም።

ስለዚህ ነገ ፓነሉን አስከፍቱ። ኤሌክትሮዱ ይሠራል? ኦቨርሎዱ (ሞተሩ ከልክ በላይ ኤሌክትሪክ ሲስብ የሚያጠፋው) ሞተሩ ላይ በተጻፈው አምፔር ልክ ነው ወይስ ከፍ ተደርጓል? ከሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች (ፌዞች) አንዱ ሲቀር ፓምፑን የሚያጠፋ ሪሌይ የሚባል ዕቃ አለ? ከሌለ እሱን ግዙ። ከፓምፕ ጋር ሲተያይ ዋጋው ምንም አይደለም።

ቀጥሎ ጉድጓዱ። ሲቆፈር የተሠራውን የፓምፕ ቴስት ወረቀት (ጉድጓዱ በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ የተለካበትን) ወረዳው ወይም ዞኑ ውሃ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ከሌለ እንደገና አስለኩ። ጉድጓዱ በሰከንድ 3 ሊትር የሚሰጥ ከሆነ 5 ሊትር የሚስብ ፓምፕ ብታስገቡ ውሃው አይጨምርም፤ የጉድጓዱ ውሃ ቶሎ ይወርድና ያው ሦስተኛ ፓምፕ ታቃጥላላችሁ።

አሁን "ጠዋት ባዶ ነው" ወዳልከው ልምጣ፣ እኔን የከነከነኝ እሱ ነው። ሌሊት ማን ይጠጣል? ይህን አድርጉ፦ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ቦኖዎቹ ሁሉ መዘጋታቸውን አረጋግጣችሁ፣ ፓምፑን አጥፍታችሁ፣ በሪዘርቨሩ ውስጥ ያለውን የውሃ ከፍታ በሜትር ለኩ። 10 ሰዓት ላይ ድገሙት። የኛ ሪዘርቨር ክብ ነው፣ ስፋቱ 5 ሜትር ስለሆነ ወለሉ ወደ 20 ካሬ ይጠጋል። በአምስት ሰዓት ውስጥ 40 ሳንቲ ሜትር ወርዶ አገኘነው። 8,000 ሊትር ማለት ነው፣ 400 ጀሪካን! በናፍጣ ስበን መሬት እናጠጣ ነበር። ከዚያ በየሌሊቱ አንድ አንድ መስመር በጌት ቫልቭ (በመስመሩ መዝጊያ) እየዘጋን ውሃው የት እንደሚፈስ ፈለግን (ግማሾቹ ቫልቮች ዝገው አይዞሩም ነበር፣ እነሱን መቀየር ራሱ አንድ ሥራ ሆነ)። በአራተኛው ሌሊት መንገድ ሥር የተሰነጠቀ ቧንቧ ተገኘ። ያ ሲጠገን ሰፈሩ በድሮው ፓምፕ ጠገበ።

ሶላሩን አልቃወምም፣ እኛም በኋላ ገብተንበታል፣ የናፍጣ ጭንቀት ቀርቶልናል። ግን ሒሳቡን ሥሩ። ጥሩ ፀሐይ በቀን ወደ 6 ሰዓት ነው ብንል፣ በሰከንድ 3 ሊትር ሲስብ 65,000 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ከተባለ ለ2,600 ሰው ነው። ከዚያ በላይ ሕዝብ ካላችሁ ሶላር ብቻውን አይበቃም። ማታ ስለማይስብ ሪዘርቨራችሁ የቀኑን ውሃ መያዝ አለበት። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ስለሚያስቸግር ጀነሬተሩን አትሽጡት። የሶላር ፓነሎቹ በበጋ አቧራ ይይዛሉ፣ የሚያጥብ ሰው ይመደብ።

አንድ ደብተርም ግዙ። ኦፕሬተሩ በየቀኑ ፓምፑ የሠራበትን ሰዓት፣ አምፔሩንና የቆጣሪውን ንባብ ይጻፍበት። አምፔሩ ከወትሮው ሲለወጥ ወይም በሰዓት የሚሳበው ውሃ ሲቀንስ ፓምፑ ከመሞቱ ከሳምንታት በፊት ታውቃላችሁ።

የመቆጣጠሪያ ፓነሉን ውስጥ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ የጉድጓዱን ጥልቀትና ፓምፑ ስንት ሜትር ላይ እንደተቀመጠም ጻፍልኝ። የሌሊቱን ልኬት እስከ እሁድ ከሠራችሁት አብረን እናየዋለን።